የጡሩምባ ነፊው ምትክ

«ማን ቤት ነው?»

«እኔስ አንቺን ተከትዬ አይደል እንዴ የመጣሁት!»

«እኔ ደግሞ ከፊቴ ያሉትን።»

ከፊት ያሉት ደግሞ ከኋላቸው የሚመጣውን ኮቴ እያዳመጡ ነበር የሚራመዱት። ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ሰፈሩን ውጦታል፤ ሰው እጁን ካልዘረጋ በቀር ጎረቤቱን አያገኝም። የእድሩ ጡሩምባ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ሦስት ጊዜ ረዘም ረዘም ብሎ ተነፋ፤ ከዚያ ጸጥ። ደንቡ ቢሆን ነፊው ነፍቶ ሲያበቃ «እገሌ አርፈዋል» ብሎ መጣራት ነበረበት። ስም የሰማ ግን የለም። ሁሉም ሌላው ሰምቷል፣ ያመለጠው እኔን ብቻ ነው ብሎ አመነ። መቼም ዘመኑ ሁለት ሺህ ሰባ ዘጠኝ ነው፤ ሰው ሁሉ ጆሮው ላይ አስተርጓሚ፣ ክንዱ ላይ መልእክት መቀበያ ለጥፎ ነው የሚሄደው። ይሁን እንጂ በዚህ ሰፈር መልእክት ያሳውቃል እንጂ ከአልጋ አያስነሳም ተብሎ ጡሩምባው አልቀረም። «ማን ሞተ?» ብሎ መጠየቅም እስከ ዛሬ ነውር ነው። ጎረቤቶቼን አላውቃቸውም ብሎ ከመፈረም አይለይም።

ስለዚህ ማንም አልጠየቀም። ሴቱ ነጠላውን አዘቅዝቆ፣ ወንዱ ድንኳንና አግዳሚ ወንበር ተሸክሞ ወጣ። እግርም ሳይማከር ወደ አንድ ቤት አቀና። አያ ደግፌ ዘጠና አራት ዓመታቸው ነው። «ወደዚያ እንሂድ» ያለ ሰው አልነበረም፤ «ወዴት ነው?» ያለም አልነበረም።

የእድሩ ሊቀመንበር እትዬ ትርንጎ ባንድ እግሯ ቦቲ፣ በሌላው ሸበጥ አጥልቃ ከፊት ደረሰች። ጡሩምባውን የሰማች ጊዜ፣ እግዜር ይቅር ይበላትና፣ መጀመሪያ ደስ አላት። ደስታው የቆየው አንድ ካልሲ እስክታጠልቅ ነው። ሁለተኛውን ስታጠልቅ አፈረች። ለምን ደስ እንዳላት እንደርስበታለን።

«አያ ደግፌ!» ብላ ጀመረች ዘምዘም፣ የሻይ ቤቷ ባለቤት፤ በለቅሶ ድምፅ ሰፈሩ ውስጥ የሚያህላት የለም። «የሰፈሩ ዋርካ! እንግዲህ ማን ይመርቀን!»

በሩ ተከፈተ። አያ ደግፌ ጋቢያቸውን ደርበው፣ ከዘራቸውን ይዘው፣ ዐይናቸው በእንባ ርሶ ብቅ አሉ። እሳቸውም እንደ ሰው ጡሩምባውን ሰምተው ነው የተነሡት።

«ወይ ሞት! ማን ይሆን እባካችሁ ምስኪኑ?» አሉ። ከዚያ ሕዝቡን አዩ። ድንኳኑን አዩ። ዘምዘምን አዩ።

«እኔን ነው እንዴ?»

ከድንኳን ተሸካሚዎቹ አንዱ ምሰሶውን ከጀርባው ሊደብቅ ሞከረ፤ ምሰሶው ሦስት ሜትር ነው።

«የሰፈሩ ዋርካ ያለችው ማን ናት?»

«እኔ ነኝ አያ... ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«ምን ይቅርታ አለው፤ ጥሩ ጀምረሽ ነበር። ቀጥይ።»

በዚህ መሐል ጡሩምባ ነፊው ጡሩምባውን በብብቱ ይዞ ከጉሙ ውስጥ ወጣ። ሃይኒ ይባላል፤ ረጅም፣ ጢሙ ገብስማ፣ ሰፈሩ ውስጥ ሃያ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ሰዉን ሁሉ ለለቅሶ ወጥቶ ሲያየው እሱም ደንግጦ ኮፍያውን አወለቀ።

«ሃይኒ፣ ማን ሞተ?» አለች እትዬ ትርንጎ።

አስተርጓሚዋ ጆሮው ላይ ትንሽ አጉረመረመች።

«ማንም» አለ ሃይኒ፣ ግራ ተጋብቶ ዙሪያውን እየጠቆመ። «ጉም መጣ።»

ሰው አገር ለማየት ብቻ ብሎ መሄዱ ከቀረ ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ነው። የባሕር ዳርቻውም፣ ተራራውም፣ ገዳሙም በተመልካች ብዛት መተንፈሻ ሲያጣ፣ መንግሥታት ተስማምተው በሩን ዘጉና አንዲት ቀዳዳ ብቻ ተዉ። ሰው የሚሄደው በሰው ምትክ ነው። አንዱ ሲወጣ አንዱ ይገባል፤ የገባው የወጣውን ሥራ ይሠራል፣ አልጋው ላይ ይተኛል፣ እድሩንም ይገባል። ውሉ ጸብንም ይጨምራል። ባለፈው ዓመት በልብስ ሰፊው ምትክ ከኮሪያ የመጣው ሰው፣ ልብስ ሰፊውና ሥጋ ሻጩ ስለማይነጋገሩ፣ ሠላሳ ቀን ሙሉ ሥጋ ሻጩን ዘግቶት ከረመ። ውሉ ባበቃ በአምስተኛው ደቂቃ ሄዶ አቅፎት አለቀሰ። አሁን ጫማ የምታድሰው ሴት ከፔሩ ናት። መንገድ ላይ የማያውቁትን ሰው ሲያገኙ «ከየት ነህ?» ማለት ቀርቷል፤ «የማን ምትክ ነህ?» ነው የሚባለው።

ሃይኒ የጋሽ እንድሪስ ምትክ ነው። ጋሽ እንድሪስ አርባ ዓመት የእድሩ ጡሩምባ ነፊ ሆኖ ኖሯል። መዳቢው ማሽን ዓለሙን ሲያስስ ከርሞ ሌላ ጡሩምባ ነፊ አገኘለት፤ በሰሜን ውቅያኖስ ከፋሮ ደሴቶች ባንዷ የሚኖር ሰው። ማሽኑ ያልጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የሚነፋው ለምን እንደሆነ። በሃይኒ ደሴት ጡሩምባ የሚነፋው ጉም ሲወርድ ነው፤ ባሕር ላይ ያሉት ጀልባዎች ድምፁን ተከትለው ቤታቸው እንዲገቡ። ጋሽ እንድሪስ ሳይሄድ የእኛን ደንብ አስረድቶት ነበር፤ ሃይኒም ገብቶት ነበር። በዚያ ዓመት ጉሙ ዘግይቶ ጦሳ ላይ ቆየ እንጂ ነገሩ ቀደም ብሎ ይመጣ ነበር። ያን ጠዋት ሃይኒ ከእንቅልፉ ነቅቶ መስኮቱን ሲከፍት ዓለም ነጭ ሆናለች። ሠላሳ አንድ ዓመት የለመደ እጅ ባለቤቱን አይጠብቅም፤ ሃይኒ ያለው ደሴ ውስጥ መሆኑ ትዝ ያለው ሦስተኛውን ከነፋ በኋላ ነው።

የእትዬ ትርንጎን ደስታ በተመለከተ እንዲህ ነው። ወፍጮ ቤት ነው የምትሠራው። በሕይወቷ ከደሴ ርቃ የሄደችው እስከ ኮምቦልቻ ነው፤ እሱም ጥርሷን ልትነቀል። ከጋሽ እንድሪስ ቀጥሎ ግን ተራው የሷ ነው፤ ቬትናም ውስጥ፣ ወንዝ ዳር ያለች አንዲት የሩዝ ወፍጮ ደርሳታለች። ሻንጣዋን ካዘጋጀች ስምንት ወር ሆኗታል፤ በየሳምንቱ አውጥታ እንደገና ታጥፈዋለች። ይሁን እንጂ ሕግ አለ። ሰፈሩ ውስጥ ካሉት ምትኮች አንዱ እንኳ ሠላሳ ቀኑን ሳይጨርስ ቢመለስ፣ ወይም የመጣበትን ሥራ አንድ ጊዜ እንኳ ሳይሠራ ቢቀር፣ የሰፈሩ ወረፋ ለአምስት ዓመት ይዘጋል። ከስድሳ ዓመት በላይ ደግሞ ምትክ ሆኖ መሄድ የለም። እትዬ ትርንጎ ሃምሳ ዘጠኝ ዓመቷ ነው።

የሃይኒ ሥራ ሰው ሲሞት መንፋት ነው። በሃያ ሁለት ቀን ደግሞ ሰፈሩ ውስጥ አንድም ሰው አልሞተም። ጉንፋን እንኳ ጠፋ። እትዬ ትርንጎ ለክፉ አይደለም እያለች የታመመ መጠየቅ አበዛች። አያ ደግፌን በሳምንት አራት ቀን እየሄደች «እንዴት አደሩ?» ትላቸዋለች፤ እሳቸውም ዐይን ዐይኗን እያዩ «ይቅርታ አድርጊልኝ፣ ደህና አደርኩ» ይሏታል።

እንግዲህ ያን ጠዋት፣ ሕዝቡ ሳይበተን፣ ክንዷ ላይ ጥሪ መጣ።

«እንደምን አደሩ። ከቅያሪ ጽሕፈት ቤት ነው፤ ሰምሃል እባላለሁ። ከሰፈራችሁ ጡሩምባ ተሰምቷል። የሟቹን ስም ለመመዝገብ ነው።»

«የ... ሟቹን?» አለች እትዬ ትርንጎ።

ሰፈርተኛው በሙሉ ቀስ ብሎ ወደ አያ ደግፌ ዞረ።

«እኔን ምን ታዩኛላችሁ?» አሉ አያ ደግፌ። «እኔ እኮ ገና ቁርስ አልበላሁም።»

«ትንሽ ጊዜ ስጪኝ የኔ እመቤት» አለች እትዬ ትርንጎ።

«እስከ አራት ሰዓት እጠብቃለሁ። ሟች ከሌለ የሐሰት ጥሪ ተብሎ ይመዘገባል፤ ምትኩም ዛሬውኑ ይመለሳል።»

ዞር ስትል ሃይኒ የለም። ጋሽ እንድሪስ ቤት ደርሳ ስታይ ሻንጣውን አልጋው ላይ ከፍቶ ሹራቡን እያጠፈ ነው።

«የት ልትሄድ ነው?»

«በደሴታችን በከንቱ የነፋ ሰው ሁለተኛ አይነፋም፣ እትዬ ትርንጎ። ሰው ያመነው ድምፅ ነው። እርስዎ ይቅር ቢሉኝ እንኳ እኔ ራሴን ይቅር አልለውም።» አስተርጓሚዋ አክብሮት ታበዛለች፤ ሃይኒ የጋሽ እንድሪስን ውሻም «እርስዎ» ነበር የሚለው።

«ኧረ ተው ወንድሜ! ምን ተጎዳ? አያ ደግፌ እንኳ ደስ ብሏቸዋል። በቁሙ የተለቀሰለት ስንት ሰው አለ?»

ሃይኒ ሌላ ሹራብ አጠፈ። እትዬ ትርንጎ ከሻንጣው ማዶ አልጋው ጫፍ ላይ ዘጭ አለች። ውሸት አይሆንላትም፤ ስትዋሽ ጆሮዋ ይቀላል።

«ለአንተ አዝኜ እንዳይመስልህ የመጣሁት» አለች። «አንተ ከሄድክ ቬትናም ቀረ። ስድሳ ልሞላ ነው። እንግዲህ እውነቱ ይኸው ነው።»

ሃይኒ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅ አለ። «ባሕር አይተው አያውቁም?»

«ኮምቦልቻ ባሕር የለው።» ከዚያ ዝም ማለት ስላስፈራት ጠየቀችው፤ «እናንተ ጋስ፣ ስትነፋ ሁሉም ይመጣል?»

ሃይኒ ሹራቡን ያዘ እንጂ አላጠፈውም።

«ሁሉም አይመጣም። ወንድሜ ዮን አልመጣም። ሠላሳ አንድ ዓመት ሆነው። ያን ቀን ነፊው አርፍዶ ነበር። ከዚያ በኋላ ነው እኔ ሥራውን የያዝኩት።»

«የት ተቀበረ?»

«አልተገኘም።»

«ለቅሶውንስ ስንት ቀን ተቀመጣችሁ?»

አስተርጓሚዋ በዚህ ጊዜ ብዙ ቆየች። ሃይኒ ወንበሩን አየ፣ እሷን አየ። «ምኑ ላይ ነው የምንቀመጠው?»

«ለቅሶ ላይ ነዋ! ሰው ሲሞት፣ ጎረቤት ሲመጣ!»

«እኛ ጋ ባሕር የወሰደውን ሰው ስም አንጠራም። በማግስቱ ዓሣ ልናጠምድ ወጣን። ጥሩ ዓሣ ነበር ያን ቀን።»

እትዬ ትርንጎ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ይኼን ጊዜ ቬትናም ከልቧ ወጣች። ለዘለዓለም አይደለም፤ ለሩብ ሰዓት ያህል ነው። ግን ወጣች።

«እንግዲያው መርዶ አለብህ» አለች። «ተነሥ።»

አያ ደግፌ ደጅ ሲደርሱ ወንዶቹ ድንኳኑን እየጠቀለሉ ነው።

«ፍቱት! ትከሉት!»

«ለማን?» አለ ሼህ ያሲን። የእድሩ ደንብ የተጻፈው በወረቀት ሳይሆን በሼህ ያሲን ላይ ነው ይባላል፤ አንዲት አንቀጽ አትስተውም።

«ለዮን። የሃይኒ ወንድም ነው። ባሕር ወስዶት፣ ሳይለቀስለት ቀርቶ።»

ሼህ ያሲን ጢሙን ዳሰሰ። «የአባል ወንድም ከሆነ ደንቡ ግልጽ ነው። ሃይኒ ደግሞ በእንድሪስ ቦታ አባላችን ነው። መቼ ነው ያረፈው?»

«ሠላሳ አንድ ዓመት ሆነው።»

«ሠላሳ አንድ!» አለ ድንኳን ተሸካሚው።

«አንተ ዝም በል። መርዶው እኛ ዘንድ የደረሰው መቼ ነው?»

«አሁን» አለች እትዬ ትርንጎ።

«እንግዲያው ትኩስ ነው» አለ ሼህ ያሲን። «የት እንትከለው?»

«እዚሁ ደጄ ላይ» አሉ አያ ደግፌ። «እግሬ እሩቅ አይሄድልኝም። ደግሞስ ተሸክማችሁ የመጣችሁት ወደዚህ አይደል።»

ሃይኒን እንደገና ንፋ አሉት። እጁ አልታዘዝ አለው። አያ ደግፌ በከዘራቸው ጫፍ ወገቡን ነካ አደረጉት፤ ነፋ። ሲያበቃ ስሙን ጥራ አሉት። ሦስት ጊዜ አፉን ከፍቶ ዘጋ፤ በአራተኛው «ዮን!» አለ። ጉሙ ድምፁን ወሰደው፤ ከወዲያ በኩል የጠዋቱን ያልሰሙ ጎረቤቶችም ነጠላቸውን እያዘቀዘቁ መጡ።

ዘምዘም ግን እንዲሁ ማልቀስ አትወድም። ስለ ሟቹ አንድ ነገር ሳታውቅ አፏን አትከፍትም።

«ምን ይወድ ነበር?» አለችው።

«እያፏጨ መረብ መጠገን።»

«ምን ይጠላል?»

ሃይኒ አሰበ። «ድንች። ደሴታችን ውስጥ ደግሞ ሌላ አይበቅልም።»

ዘምዘም ጉሮሮዋን ጠረገች፤

«እያፏጨህ መረብ የምትጠግነው፣
ድንች ጠልተህ እንደሁ እኛ ቤት ሽሮ ነው!»

ሰዉ አለቀሰ፤ ግማሹ እየሳቀ ነው። አስተርጓሚዋ «ሽሮ» ላይ ስትደርስ ተደናቅፋ ቆመች፤ ሃይኒ ያኔ ነው ፊቱን በኮፍያው የሸፈነው። ከአንድ ወገን ሥጋ ሻጩ፣ ከሌላው ጫማ አዳሿ የፔሩ ሴት ደገፉት። እሷ በአገሯ ቋንቋ ምን እንዳለችው የሰማ የለም፤ የዚያን ቀን ግን ከጎኑ አልተነሣችም።

ልክ በአራት ሰዓት ሰምሃል ደወለች።

«ሟች፣ ዮን። ጥሩ። የሞተበት ቦታ?»

«ባሕር ላይ።»

«እትዬ፣ ደሴ ውስጥ ባሕር አለ?»

«የለም። እዚያ አገሩ ነው።»

«የሞተበት ቀን?»

«ሠላሳ አንድ ዓመት ሆነው።»

«እንዲህ ያለ መሙያ ቦታ የለኝም» አለች ሰምሃል።

«የኔ እመቤት፣ እናንተ ቤት መርዶ ደርሶ አያውቅም?»

«አጎቴ ባሕር ማዶ ሞቶ» አለች ሰምሃል፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፤ «ለእናቴ የተነገራት ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። በጠዋት መጥተው።»

«ስንት ቀን ተቀመጣችሁ?»

«ሦስት።»

«ከሁለት ዓመት በኋላ ነው ብሎ ሳይመጣ የቀረ ሰው ነበር?»

የሚጻፍ ነገር ድምፅ ተሰማ። «'የምትክነት ሥራ፤ አንድ ጊዜ፤ ተከናውኗል' ብዬዋለሁ። የሞተበትን ቀን አለቃዬ ከጠየቀኝ...» ትንሽ አሰበች። «እንዳይጠይቀኝ አደርጋለሁ። እግዜር ያጥናችሁ።»

ጥሪው ከተዘጋ በኋላ ቬትናም እንደገና እትዬ ትርንጎ ልብ ውስጥ ገባች። እንደገባች ግን እሷ በሩን ዘጋችባት፤ ለቅሶ ቤት ነው፣ ነውር ነው።

ሦስት ቀን ተቀመጡ። ሃይኒ መጀመሪያ ቀን በሁለት እጁ ጉልበቱን ይዞ ተቀመጠ፤ ሁለተኛ ቀን ስለ ዮን ማውራት ጀመረ፤ ሦስተኛ ቀን ማን ያስቆመው። ዮን ካህን ጀልባ ላይ አሳፍሮ መልሕቁን የረሳ ጊዜ፣ ዮን ልጅ ሊያጭ ሄዶ እናቷን አስቆ አስቆ ልጅቷን ሳያናግራት የተመለሰ ጊዜ። ሰፈሩ ውስጥ ዮንን የማያውቅ ጠፋ። ሼህ ያሲን «እኔ ብሆን እናትየዋን አጭ ነበር» እስከ ማለት ደረሰ።

በሦስተኛው ቀን ጋሽ እንድሪስ ከደሴቱ ደውሎ ምስሉ በድንኳኑ ግድግዳ ላይ ወጣ። ወሬውን ሰምቶ እሱም እዚያ፣ ባሕሩ ዳር ምንጣፍ አንጥፎ ተቀምጧል። ከኋላው ሰባት ሰዎች የደረቀ ዓሣ ጉልበታቸው ላይ አድርገው ድርቅ ብለው ይታያሉ።

«ምን እንደሚደረግ ስላላወቁ ዓሣ ይዘው መጡ» አለ ጋሽ እንድሪስ። «ዝም በማለት ከኛ ይበልጣሉ። ማልቀሱን ቀስ እያልኩ እያለማመድኳቸው ነው። ያቺ በግራ ያለችው ደህና ይዛዋለች።»

«ጉሙስ?» አለች እትዬ ትርንጎ። «ትነፋለህ?»

«እነፋለሁ። ነፍቶ ዝም ማለት ግን አቃተኝ፤ አመል ሆኖብኝ የየጀልባውን ባለቤት ስም እየጠራሁ ነው። ስማቸውን ሲሰሙ እንዴት እንደሚፈጥኑ ብታይ!»

«የሞቱ መስሏቸው ነው?» አለ ሼህ ያሲን።

«የለም፤ እራት የደረሰ መስሏቸው ነው።»

ሃይኒ ግድግዳው ድረስ ሄዶ ከጋሽ እንድሪስ ኋላ የተቀመጡትን አንድ በአንድ አያቸው። አንደኛው ሽማግሌ እጁን አነሣ፤ ከዚያም ጮክ ብሎ «ዮን» አለ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። የዚያን ዕለት ከሰዓት ዘምዘም ማልቀሱን ትታ ጋሽ እንድሪስን ስለ ዓሣ አሠራር ስትጠይቀው ዋለች።

ሠላሳኛው ቀን መጣ። ሃይኒ ሻንጣውን ዘጋ፤ ሰው ቤት ሳያንኳኳ መግባት ለምዶ ስለነበር ለስንብት በሃያ ሁለት ቤት ዘው እያለ ገባ፣ በሃያ ሁለት ቤት በላ። በሚቀጥለው ሳምንት የእትዬ ትርንጎ ፈቃድ ደረሰ። የሷን ወፍጮ የምትይዘው የቬትናም ሴት መጥታ ስለ ማንጠርጠሪያው ሁለት ጥያቄ ጠየቀች፤ እትዬ ትርንጎ ለሦስት ሰዓት መለሰችላት።

ከመሄዷ በፊት የመጨረሻውን ስንብት ወደ አያ ደግፌ ሄደች። ፀሐይ ወጥቷል፤ ደጃቸው ላይ ተቀምጠው ድንኳኑ የነበረበትን ቦታ ያያሉ። ጉልበታቸውን ሳመች፤ ያላሰበችው እንባ መጣባት።

«እንግዲህ ሠላሳ ቀን ነው፣ አያ። አደራዎን፣ እስክመለስ ይቆዩኝ። ለቅሶዎ እንዳያመልጠኝ።»

አያ ደግፌ ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ አስተካከሉ።

«ባለፈው ወር ቶሎ በሉ፤ በዚህ ወር ደግሞ ቆዩ» አሉ። «ተስማምታችሁ አንዱን ንገሩኝ እንጂ።»